የሰበካው ቁጠባና ወይዘሮ ዶሪሜን

እኛ ሴቶች ሳንቲም እያጠራቀምን ከአራጣ አበዳሪ የምንላቀቅበት መንገድ ከእኛ በፊትም በሌሎች ተሞክሯል።

እ.ኤ.አ. በ1891 የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ሠራተኛው ፍትሐዊ ደመወዝና በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳለው አስተማሩ። ድሃውን መመጽወት ብቻ እንደማይበቃ ያሳሰበ ትምህርት ነበር።

በካናዳ፣ በኩቤክ ግዛት፣ ትምህርቱ በየሰበካው ሥራ ላይ ዋለ። አቶ አልፎንስ ዴዣርደን የፓርላማ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሳሉ፣ በ1897 አንድ ሰው 150 ዶላር ተበድሮ 5,000 ዶላር ወለድ እንደተጠየቀ ሰሙ። በ1900 ማብቂያ በሌቪ ከተማ የቁጠባና ብድር ማኅበር መሠረቱ። የ5 ዶላሩን ዕጣ አባላት በሳምንት 10 ሳንቲም እየከፈሉ ያሟሉ ነበር። በመጀመሪያው የሥራ ቀን የተሰበሰበው 26 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። የሰበካው ሰዎች ስለሚተዋወቁ ለብድሩ ዋናው ዋስትና የተበዳሪው ታማኝነት ነበር። ብዙ ካህናትም ሥራውን አገዙ።

አቶ አልፎንስ ለፓርላማ ሥራ ኦታዋ ሲሄዱ፣ የማኅበሩን የዕለት ሥራና ሂሳብ የሚመሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ዶሪሜን ነበሩ። ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል መፈረም በማትችልበት ዘመን የጎረቤቶቻቸው ገንዘብ በእጃቸው ነበር። እስከ 1906 ማኅበሩን የሚያውቅ ሕግ ስላልነበረ፣ ኪሣራ ቢመጣ የቤተሰቡ ንብረት አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ መተማመን ማኅበር ቢያስጀምርም የሚያቆየው ንጹሕ መዝገብና ሕጋዊ ዕውቅና መሆኑን ነው። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ሁላችንም የቁጠባ ደብተራችንን ከማኅበሩ መዝገብ ጋር እናመሳክር።