የአእምሮ ጤና አማካሪነት ሙያና የሥራ ፈቃዱ በአሜሪካ

በዩናይትድ ስቴትስ ዛሬ ፈቃድ ይዞ የሚሠራው የአእምሮ ጤና አማካሪ፣ የሙያው መነሻ ሆስፒታል አይደለም። ፍራንክ ፓርሰንስ በ1908 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቦስተን ያቋቋመው ቢሮ ዓላማው ወጣቶች ለችሎታቸው የሚስማማ ሥራ እንዲመርጡ መርዳት እንጂ ሕሙማንን መፈወስ አልነበረም። ፓርሰንስ በዚያው ዓመት ሞተ፤ በዚሁ ጉዳይ ላይ የጻፈው መጽሐፍም በማግሥቱ ዓመት ታተመ።

አእምሮን ማከም የሐኪሞች፣ ቀጥሎም የሥነ ልቡና ሊቃውንት ድርሻ ሆኖ ቆየ። ለሥነ ልቡና ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣው በ1945 የኮኔቲከት ክፍለ ግዛት ነው። በ1946 የወጣው የብሔራዊ የአእምሮ ጤና ሕግ ለባለሙያዎች ሥልጠና የመንግሥት ገንዘብ ሲያስገኝ፣ በ1949 በቦልደር ከተማ የተደረገው ጉባኤ ደግሞ የክሊኒክ ሥነ ልቡና ባለሙያ የዶክትሬት ዲግሪ እንዲኖረው መከረ። በማስትሬት ዲግሪ የሚሠራው አማካሪ ግን በሕግ ዘንድ ራሱን የቻለ ስም አልነበረውም።

የአማካሪዎችን ቁጥር ያበዛው ከጤና ጋር ግንኙነት የሌለው ምክንያት ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ባመጠቀች ማግሥት፣ የአሜሪካ ኮንግሬስ በ1958 የብሔራዊ መከላከያ የትምህርት ሕግን አወጣ። ከሕጉ ክፍሎች አንዱ ተሰጥዎ ያላቸውን ተማሪዎች በፈተና ለይቶ ለከፍተኛ ትምህርት የሚያዘጋጅ የምክር አገልግሎት በየትምህርት ቤቱ እንዲስፋፋ የሚደግፍ ነበር። ለዚህም ዩኒቨርሲቲዎች ልዩ የሥልጠና ተቋሞችን ሲከፍቱ፣ የሚሠለጥነው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር በሳምንት 75 ዶላር፣ ለሚያስተዳድረው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ 15 ዶላር ይታሰብለት ነበር። ሕጉ የፈለገው የሳይንስ ሊቃውንትን ነው፤ ከጥቁር ሰሌዳው ወደ ምክር ክፍል የተሻገሩ በርካታ መምህራንን ግን አብሮ አፈራ።

በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የፈረሙት ሕግ የአእምሮ ሕክምናን ከትልልቅ ሆስፒታሎች አውጥቶ በየአካባቢው ወደሚቋቋሙ ጣቢያዎች ለማዛወር ሲያቅድ፣ ለአማካሪዎች ከትምህርት ቤት ውጭ የሥራ በር ተከፈተ። ጠቡም አብሮ መጣ። በቨርጂኒያ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ አንድ አማካሪ ያለፈቃድ መሥራቱን እንዲያቆም ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ በ1972 የምክር ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን፣ ነገር ግን የሚቈጣጠረው ሕግ እንደሚያስፈልገው ወሰነ። ሙያውን ከሕግ አውጪው ቀድሞ ያወቀው ዳኛው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ቨርጂኒያ በ1976 የመጀመሪያውን የአማካሪዎች ፈቃድ ሕግ አወጣች፤ የመጨረሻዋ ካሊፎርኒያ ተራዋ የደረሰው በ2009፣ ማለትም ከ33 ዓመት በኋላ ነው።

ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ በመሆኑ መመዘኛው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአብዛኛው የማስትሬት ዲግሪ፣ ልምድ ባለው ባለሙያ ቁጥጥር ሥር የተከናወነ የብዙ ሺህ ሰዓት ሥራና ፈተና ይጠየቃል። የትምህርት ቤት አማካሪነት የምስክር ወረቀት ብቻውን ሕሙማንን ለማከም አያበቃም።

ይሁን እንጂ ፈቃድ ማግኘትና ሥራ ማግኘት የተለያዩ ናቸው። የቀድሞ ወታደሮችን የሚያክመው መሥሪያ ቤት እነዚህን አማካሪዎች እንዲቀጥር በ1959 ሳይሆን በ2006 ነው ሕግ የፈቀደለት፤ የመቅጠሪያው መመዘኛም የወጣው በ2010 ነበር። የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬርም ለአማካሪዎች በቀጥታ መክፈል የጀመረው በጥር 2024 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በሜዲኬር የሚታከሙ አረጋውያን ፈቃድ ያለው አማካሪ በጎረቤታቸው ቢኖርም እንኳ ወጪውን ከኪሳቸው መሸፈን ነበረባቸው።