የጋና ፓርኮች፦ እንስሳው የማን ነው?

ጋና ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድመው የሚታወሱን ክዋሜ ንክሩማህና ካካዎ ናቸው። አገሪቱ ግን ሊጎበኙ የሚገባቸው የዱር እንስሳት ፓርኮችም አሏት።

ትልቁ በሰሜን የሚገኘው ሞሌ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ ስፋቱ ከ4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከአክራ እስከ ታማሌ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና ይደረስበታል። ዋናው መስህቡ ዝሆን ነው፤ ጎብኚው መሣሪያ ከታጠቀ ጠባቂ ጋር በእግሩ እየተጓዘ ያየዋል። የሚመረጠው ጊዜ ከጥር እስከ መጋቢት ነው፤ በበጋው እንስሳቱ ውኃ ወዳለበት ይሰበሰባሉና። በደቡብ ያለው የካኩም ፓርክ ደግሞ በደኑ አናት ላይ በተዘረጉ የገመድ ድልድዮች ይታወቃል።

ሕግ እንዳጠና ሰው እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እንስሳው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ሞሌ እ.ኤ.አ. በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን በውስጡ የነበሩ ነዋሪዎች እንዲነሡ ተደርጓል። በሰሜን ምዕራብ፣ በጥቁር ቮልታ ወንዝ ዳር ያለውን የዌቺያው የጉማሬ መጠለያ ግን የሚያስተዳድረው የአካባቢው ሕዝብ ነው፤ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢም ለመንደሮቹ ልማት ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የጋና የዱር እንስሳት ሕግም ማኅበረሰቦች በአካባቢያቸው የዱር ሀብት አስተዳደር ለሚኖራቸው ድርሻ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል።

ስለዚህ ሞሌን ያየ ሰው ወደ ዌቺያውም እንዲሻገር እመክራለሁ። ጉማሬው እርሻውን ሲረግጥበት የሚያድረው ገበሬ ከጉማሬው ካልተጠቀመ፣ የጠባቂ ጠመንጃ ብቻውን እንስሳውን አያድነውም።