በቆሎን በምርቱ የመዘነው ፖለቲከኛ

አሜሪካዊው ሄንሪ ዋላስ ከሪፐብሊካን ወደ ዴሞክራት፣ ከዴሞክራት ወደ ፕሮግረሲቭ ፓርቲ ተሻግሯል። ተቺዎቹ ይህን ይዘው አቋም የለሽ ይሉታል። እኔ ግን ዋላስ ሊመዘን የሚገባው ለእያንዳንዱ ሽግግር በያዘው ማስረጃ ነው እላለሁ፤ በዚህ ሚዛን የመጀመሪያው ይጸናል፣ ሁለተኛው ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ1888 በአዮዋ የተወለደው ዋላስ ገና በአፍላ ዕድሜው፣ ዳኞች በመልካቸው ያደነቋቸውን የበቆሎ ዛላዎች ዘርቶ ምርታቸውን መዘነ። አንደኛ የተባለው ምርታቸው ካነሰው መካከል ተገኘ። በ1926 የተዳቀለ በቆሎ ዘር የሚያመርት ኩባንያ አቋቋመ። ወደ ፖለቲካ የገባውም በዚሁ ዓይን ነው። አባቱ የሪፐብሊካኖች የግብርና ሚኒስትር ሆኖ በ1924 በሥራ ላይ ሳለ ሞተ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬው በዕዳ ሲያዝ ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ዋጋ ለመደገፍ የወጣውን ሕግ በ1927ም በ1928ም አልፈርምም አለ። ዋላስ በ1928 ዴሞክራቱን አል ስሚዝን፣ በ1932 ሩዝቬልትን ደገፈ። ሹመት ፍለጋ ነው ለሚሉ መልሱ ቀላል ነው፤ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የግብርና ሚኒስትር ሆኖ ሲሠራ እንኳ እስከ 1936 ድረስ በዴሞክራትነት አልተመዘገበም። ይልቅ የሚከብደው ክስ በ1933፣ ሰው በተራበበት አገር፣ ዋጋ እንዲያንሰራራ 6 ሚሊዮን ያህል አሳማ ማሳረዱ ነው። ከሥጋው ከፊሉ ለችግረኞች መታደሉ ጭካኔውን አያቀልለውም። ዋላስ የፈለገው ዘላቂ መፍትሔ ግን በጥጋብ ዘመን እህል አከማችቶ ለክፉ ቀን ማውጣት ነበር፤ ይህም በ1938 ሕግ ሆነ።

በ1944 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳይቤሪያን ሲጎበኝ ማስረጃን የመመዘን ጥንቃቄው ከዳው። ማጋዳን ሲደርስ የእስር ካምፖቹ የጥበቃ ማማዎች ተነሥተው፣ ሱቆቹ በዕቃ ተሞልተው ጠበቁት። ያ ምድር እስረኞች ወርቅ እየቆፈሩ ያልቁበት የነበረው ኮሊማ ነው። እርሱ ግን ያየውን አምኖ አስተናጋጆቹን አወደሰ። የዛላ ውበት ያላታለለው ሰው በተኳለ ከተማ ተታለለ! ለሶቪየት ኅብረት የነበረው በጎ ግምትም በ1946 ፕሬዚዳንት ትሩማን ከንግድ ሚኒስትርነት እስኪያባርረው፣ በ1948ም በፕሮግረሲቭ ስም እስኪወዳደር አደረሰው። ያገኘው ድምፅ 2.4 በመቶ ነው፤ አዮዋም ትሩማንን መረጠች።

የወደቀው በዘመኑ የኮሚኒዝም ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው። በዘር ተለያይቶ ለተቀመጠ ሕዝብ አልናገርም በማለቱ በደቡብ ግዛቶች እንቁላልና ቲማቲም ተወረወረበት፤ ይህ ክብሩ ሊነፈገው አይገባም። ነገር ግን በዘመቻው ውስጥ ገብተው ከነበሩት ኮሚኒስቶች ራሱን ለማራቅ እምቢ ያለው ማንም አስገድዶት አይደለም። በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ ከፓርቲው ወጣ። ከኮሊማ የተረፉ ሰዎች ምስክርነት ታትሞ ከወጣ በኋላ ደግሞ፣ በ1952፣ ስለ ሶቪየት ኅብረት መሳሳቱን በስሙ ጽፎ አሳተመ። ከፖለቲካ መሪዎች ስሕተታቸውን እንዲህ በአደባባይ ያመኑት ጥቂት ናቸው።