የአዋሽ ባንኮኒና የክሮም ሼከር

የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ሰባት ኪሎ ያድር ነበር። የቡፌ ዳዋሽ ደንበኛ ይኸው አዳሪ ነበረ፤ በዚያ ሐሩር፣ አቧራ ለብሶ ለወረደ ሰው ቀዝቃዛ ብርጭቆ ማቅረብ ቀላል ሙያ አልነበረም። ኋላ የሌሊት ባቡር ሲመጣ የማደሩ ግዴታ ቀረ።

ዛሬ የዚያን ዘመን የመጠጥ ዕቃ የሚሰበስቡ አሉ። አብልጠው የሚሹት በክሮም የተለበጠውን የኮክቴል ሼከር ነው። የኮኔክቲከቱ ቼዝ ኩባንያ «ጌይቲ» የተባለውን ያወጣው የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ በተነሣበት በ1933 እ.ኤ.አ. ነው፤ ክሮም ከብር የረከሰና ዘወትር መወልወል የማያሻው በመሆኑ ተወደደ። ሰብሳቢው ዕቃውን ገልብጦ ማኅተሙን ያነባል። ማኅተሙ ግን ሠሪውን እንጂ አዋሽ ላይ የቀዳበትን አሳላፊ አይናገርም፤ አሳላፊው ደግሞ አርጅቷል።

ይህን መመዝገብ የሚገባው የአፋር ክልል መዲና ሰመራ አዲስ ከተማ ናት፤ ያ ባቡር አላለፈባትም፣ እንዲህ ያለ ባንኮኒም አልወረሰችም። ሉሲ በተገኘችበት ምድር አንድ ሼከር ለቅርስ መዝገብ ያንሳል የሚል ባልደረባ ይኖራል፤ እኔ አልስማማም። ዕቃው ከመሸጡ በፊት ከየትኛው ክፍል እንደወጣ፣ ማን እንዳገለገለበትና እስከ መቼ እንደሠራ በካርድ ይጻፍለት።