ቁርጠት

ቃሉ ከ«ቆረጠ» የመጣ ነው። ቁርጥ ሥጋም፣ ቁርጠኛም የዚያው ግሥ ልጆች ናቸው። አይቢኤስ በሚሉት የአንጀት ሕመም ግን የተቆረጠ ነገር የለም። አንጀቱ በመሣሪያ ቢታይ ቁስል አይገኝበትም። ሕመሙ ግን የእውነት ነው፤ ንቃታቸው ከልክ ያለፈ ነርቮች ተራውን የጋዝ ግፊት እንደ ስለት ያሰሙታል። መለያውም ቁርጠቱ ከሰገራ ጋር መያያዙ ነው፤ ሰገራው አንዴ ይደርቃል፣ አንዴ ይቀጥናል።

አምቦ ከተማ ምሳ ቤት ውስጥ ሽሮውን ጨርሶ ሆዱን የያዘ ሰው የሚያዘው የታወቀ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚሸጠውን አምቦ ውሃ። ያስገሳል፤ ይህን አልክድም። ግን ጋዙ አይቢኤስ ያለበትን አንጀት ይብሱን ሊነፋው ይችላል። ሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትም እንዲሁ። ለብ ያለ ነገር ሆድ ላይ ማድረግ፣ ጥቂት ጥቂት መብላትና ቁርጠቱን የሚያስነሳበትን ምግብ መዝግቦ መያዝ ይሻላል። «ጨጓራ ነው» ብሎ ማለፍማ ልማዳችን ነው።

አሜባና ጃርዲያ በሚበዙበት አገር የሰገራ ምርመራ ይቅደም። ደም ከታየ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ቁርጠቱ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።