የማይበላ ፈረስ

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ አባቶቻችን። ይህች አጭር አነጋገር ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮችን አንድ ላይ ለማየት ስለምትረዳን በእርሷ እንጀምራለን። አንደኛው በጠረጴዛ ላይ የሚሰለፍ ጨዋታ ነው፤ ጣት በማያክሉ የፕላስቲክ ፈረሰኞች የናፖሊዮንን ዘመን ውጊያ መልሶ የሚዋጋ። ሁለተኛው እውነተኛ ዘመቻ ነው፤ ናፖሊዮን በ1812 ወደ ሩስያ የዘመተው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

«አሻንጉሊት ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ስለ ናፖሊዮን ፈረሰኛ ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ነገር ከመዝገብ የተቀዳ አይደለም፤ ከሥዕል፣ ከፊልምና ከእነዚሁ አሻንጉሊቶች የመጣ ነው። አሻንጉሊት ዝም ብሎ አይቆምም፤ ያስተምራል። ታዲያ ምን ያስተምራል? ምንስ ይደብቃል?

ጨዋታው የተጀመረው በልጆች እጅ አይደለም። ባሮን ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ የመንግሥት ሹም፣ መልክዓ ምድሩ እየተገጣጠመ የሚሠራ ትልቅ የውጊያ ጠረጴዛ አዘጋጅቶ ለንጉሡ ያቀረበው በ1812 ነበር። አዎን፣ በዚያው ዓመት! የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ በ1824 ጨዋታውን ከጠረጴዛ ወደ ካርታ አወረደውና ደንብ፣ ዳይስና ዳኛ ሰጠው፤ የፕሩስያ ጦርም ለመኮንኖቹ ማሠልጠኛ አደረገው።

የአሻንጉሊቱ መንገድ ሌላ ነው። በ1893 በለንደን ዊልያም ብሪተን ውስጡ ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደር ማውጣት ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹም ፈረሰኞች ነበሩ። በ1913 ኤች. ጂ. ዌልስ በእንዲህ ያሉ ወታደሮች የሚጫወቱበትን ደንብ በመጽሐፍ አወጣ። የሚገርመው፣ ዌልስ መጽሐፉን የዘጋው እውነተኛውን ጦርነት በመንቀፍ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግን አውሮፓ እርስ በርሷ ተባላች።

ፕላስቲክ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1959 ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች በካርቶን ማውጣት ጀመረ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የዋተርሉን ተከታታይ አስከተለ። በውስጡ ጥሩር የለበሱት የፈረንሳይ ከባድ ፈረሰኞችና የእንግሊዝ ሁሳሮች ነበሩበት። ነገሩ ቀላል አይምሰለን። በእርሳሱ ዘመን ፈረሰኛ ከእግረኛ ይልቅ ውድ ስለነበር አንድ ክፍለ ጦር ማሰለፍ የባለጸጋ ጨዋታ ነበር። ፕላስቲክ ሲመጣ የተማሪ ኪስ የማርሻል ሙራን ያህል ፈረሰኛ ማዘዝ ቻለ! በ1980ዎቹ የኢጣሊያው ኤሺ፣ በኋላም ሃት፣ ኢታሌሪና የሩስያው ዝቬዝዳ ተከተሉ፤ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፔሪና ቪክትሪክስ ከፍ ያለ ቁመት ያላቸውን ከጠንካራ ፕላስቲክ እየሠሩ አወጡ።

ሰብሳቢው ትዕግሥት አለው። ሕይወት ያለውን ነገር 72 ጊዜ ባሳነሰው ልክ፣ ሰው ከነቁመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። የቆየው ዓይነት ከፖሊኢቲሊን ስለሚሠራ ለስላሳ ነው፤ የጨበጠው ጦር ይጣመማል፣ ኮላ አይዘውም፣ ቀለሙ ይላጣል። ስለዚህ በሳሙና ያጥቡታል፣ ስስ ልባስ ይቀቡታል፣ ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ ጋማውን አንድ በአንድ ያቀልሙታል። የሬጅመንቱን የአንገትጌ ቀለም ለማግኘት ቤተ መጻሕፍት የሚያገላብጥ ሞልቷል። ይህንን ድካም አንንቅም፤ ታሪክን በዚህ በኩል የገባበት ሰው ብዙ ነው።

አሁን ፈረሱን እንየው። ከካርቶኑ የሚወጡት ፈረሶች አብዛኛዎቹ በሽምጥ ግልቢያ ላይ ናቸው። እውነተኛው የጥቃት ግልቢያ ግን በእርምጃ ይጀምራል፣ ወደ ሶምሶማ ያልፋል፤ ሽምጡ የሚመጣው ጠላት አጠገብ ሲደረስ ነው። ለምን ቢሉ፣ ከሩቅ የጋለበ ፈረስ ሲደርስ ትንፋሹ አልቋል፣ ሰልፉም ተበትኗል። እንዲያውም የፈረንሳይ ከባድ ፈረሰኛ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው በሶምሶማ ነበር የሚያጠቃው። አንዳንዱ አሻንጉሊት አራቱንም እግሩን ወደፊትና ወደኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ይህ የድሮ ሠዓሊዎች ፈጠራ ነው። ማይብሪጅ በ1878 በካሊፎርኒያ የሚጋልብ ፈረስ በተከታታይ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ አራቱም እግሮች መሬት የሚለቁት ከሆድ ሥር ሲሰበሰቡ መሆኑ ታየ።

«አይዋጋም» የሚለውን የአነጋገሩን ግማሽ ጨዋታው በደንብ ያውቀዋል። ሰኔ 18 ቀን 1815 በዋተርሉ ማርሻል ኔይ 9,000 ገደማ ፈረሰኛ በየተራ እየነዳ በዌሊንግተን እግረኞች ላይ ለቀቀ። እግረኞቹ አራት ማዕዘን ሠርተው ሳንጃቸውን ወደ ውጭ ቀሰሩ። ጋላቢው ቢደፍር ፈረሱ አልደፈረም፤ በሳንጃ አጥር ላይ ራሱን አይጥልም። እየዞሩ ተመለሱ፣ እንደገና መጡ፣ እንደገና ተመለሱ። አራት ማዕዘኖቹ አልፈረሱም። ዛሬ ደህና የሚባል የጨዋታ ደንብ ሁሉ አራት ማዕዘን የሠራ እግረኛን ለፈረሰኛ በቀላሉ አይሰጥም። በዚህስ ጎበዝ ብለናል።

የመጀመሪያው ግማሽስ? «ያደርሳል» የሚለው? እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚስተው። ፈረስ የሚያደርሰው ሲበላ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። በብዙ ደንብ አንድ ምስል የ20 ወይም የ33 ሰው ምትክ ነው። በአንድ ካርቶን 12 ፈረሰኛ ቢኖርና በ33 ብናባዛው 396 ይሆናል። የሚሠራ ፈረስ እህሉና ድርቆሹ ተደምሮ በቀን 10 ኪሎ ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ በጠረጴዛ ጥግ የቆመችው ያቺ ካርቶን በየቀኑ አራት ቶን ገደማ መኖ ትጠይቃለች ማለት ነው! ሙራ ወደ ሩስያ የመራው ተጠባባቂ ፈረሰኛ 40,000 ይጠጋ ነበር። በቀን 400 ቶን። ይህ የመድፍ ጎታቹና የስንቅ ጋሪው ፈረስ ሳይቆጠር ነው።

ሰኔ 24 ቀን 1812 ሠራዊቱ የኔማንን ወንዝ መሻገር ጀመረ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ብርቱ ዝናብና ብርድ ወረደ፤ ደረቅ መኖ ያጡት ፈረሶች ያልደረሰ እሸት በልተው ሆዳቸው እየተነፋ በብዙ ሺህ አለቁ። ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ፤ ወታደሩ የገበሬውን ጎጆ ክዳን እየገፈፈ ሣሩን ለፈረስ አበላ። ዘማች ሲያልፍ ባላገር ምን እንደሚቀርለት ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

የናፖሊዮንን ፈረሰኛ በረዶ ፈጀው ሲባል ሰምተናል። ግማሽ እውነት ነው። በረዶ ሳይጥል፣ ሞስኮም ሳይደረስ ረኃብና ድካም እጅግ ብዙውን ጨርሶት ነበር። በረዶው የመጣው በተረፈው ላይ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ የፈረስ ቤት አዛዥ ኮላንኩር የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች በበረዶ ላይ በማያንሸራትት የኮቴ ብረት አስጫምቶ ነበር፤ የቀረው ሠራዊት ግን ይህ አልነበረውም። ፈረስ ወደቀ፣ ሊነሣም አልቻለም፤ የተራበው ወታደር ቆርጦ በላው። በመጨረሻ ፈረስ የቀራቸው መኮንኖች ተሰብስበው ንጉሠ ነገሥቱን የሚጠብቅ አንድ ጓድ ሆኑ፤ ጄኔራሉ በሻምበል ቦታ ቆመ።

ውጤቱ በሚቀጥለው ዓመት ታየ። ናፖሊዮን በ1813 አዲስ ጦር አቆመ፤ በግንቦት ወር በሉትሰንና በባውትሰን አሸነፈ። ግን የሚሸሸውን ጠላት አሳዶ የሚጨርስበት በቂ ፈረሰኛ አልነበረውም። ጠላት ሄደ፤ በሰኔ 4 የተኩስ ማቆም ስምምነት ተፈረመ፤ በጥቅምት በላይፕዚግ ያው ጠላት በርክቶ ጠበቀው። ወታደር በአዋጅ ይጠራል። ፈረስ ግን በአዋጅ አይወለድም፤ ለውጊያ ኮርቻ እስኪበቃ አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል። የፕላስቲክ ፈረስ ብቻ ነው ከቅርጽ ማውጫው በደቂቃ የሚወጣ።

ጨዋታውን አታንሡ ማለታችን አይደለም። በካርታ ላይ ዘመቻ የሚያካሂዱና ስንቅ የሚቆጥሩ ተጫዋቾችም አሉ፤ እነርሱን እናመሰግናለን። የእኛ ነገር አንድ ናት። ጦር ሜዳን ብቻ ያየ ሰው ናፖሊዮንን ያሸነፈው ዌሊንግተን ነው ወይም በረዶ ነው ይላል። መኖ የቆጠረ ሰው ግን ከጄኔራሎቹ ጀርባ ድርቆሽ ያጨደውን፣ አጃ የዘራውን፣ ፈረስ ያሳደገውን ገበሬ ያያል።

ካርቶኑ ሲከፈት 12 ፈረስና 12 ጋላቢ ይወጣል። ያ ክዳኑ ተገፎ ለፈረስ የተበላበት የኔማን ማዶ ገበሬ አብሮ አይወጣም። እርሱን በጠረጴዛው ላይ የማቆም ሥራ ለታሪክ ተማሪ የቀረ ነው።