ግኝቱና ምክንያቱ

በፍጥረት ምርምር ታሪክ አንድን ነገር ማግኘትና ምክንያቱን ማወቅ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ልዕለ አስተላላፊነት የሚባለው የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1911 ዓ. ም. በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ካመርሊንግ ኦነስ የተባለው ሊቅ ባዜቃን ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ባቀዘቀዘው ጊዜ፥ የኤሌክትሪክን ጉዞ የሚያግደው ተቃውሞ በድንገት ጠፋ። ግኝቱ ታላቅ ነበር፤ ምክንያቱ ግን 46 ዓመት ቈየ። በ1957 ዓ. ም. ባርዲን፥ ኩፐርና ሽሪፈር የተባሉት አሜሪካውያን፥ እርስ በርሳቸው የሚገፋፉት ኤሌክትሮኖች በአቶሞች ንቅናቄ አማካይነት ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደሚጣመሩና ጥንዶቹም በአንድነት ያለ እንቅፋት እንደሚፈሱ በሒሳብ አስረዱ።

ነገሩ ለብዙዎች ያለቀ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ. ም. በስዊስ አገር ቤድኖርዝና ሙለር፥ መዳብና ኦክስጅን ባለበት ሸክላ መሰል ነገር ውስጥ፥ ይህ ትምህርት በሚገባ ሊያስረዳው ያልቻለ ልዕለ አስተላላፊነት አገኙ።

በ2004 ዓ. ም. ደግሞ በማንቸስተር ጋይምና ኖቮሴሎቭ፥ ለመጻፊያ እርሳስ የሚሆነውን ግራፋይት በማጣበቂያ ፕላስተር እየላጡ ውፍረቱ የአንድ አቶም ብቻ የሆነ ገበታ አወጡ፤ ይኸውም ግራፊን ነው። በ2011 ዓ. ም. በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቢስትሪትዘርና ማክዶናልድ፥ ሁለት የግራፊን ገበታዎች ተደራርበው አንዱ በሌላው ላይ 1.1 ዲግሪ ገደማ ቢዞር የኤሌክትሮኖቹ ፍጥነት እጅግ እንደሚቀንስ በሒሳብ አመለከቱ። ሩጫቸው ሲደክም የመገፋፋታቸው ኃይል ይጐላል። በ2018 ዓ. ም. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፓብሎ ሐሪዮ ኤሬሮና ባልደረቦቹ ይህንኑ ቢሠሩ፥ ከዜሮ በታች በ271 ዲግሪ ገደማ ልዕለ አስተላላፊነት ተገለጠ። በ2021 ዓ. ም. በሦስት ገበታዎች፥ ዞረውም ሳይዞሩም፥ ታየ።

እንግዲህ ሒሳቡ የሚቈፈርበትን ቦታ ጠቈመ እንጂ የሚወጣውን አልተናገረም። ዛሬም ሊቃውንቱ በምክንያቱ አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ ጥንዶቹን የሚያስተሳስረው የአቶሞች ንቅናቄ ነው ሲሉ፥ ሌሎቹ መገፋፋቱ ራሱ ነው ይላሉ። ሁሉም የየራሱን የሒሳብ አምሳያ ይሠራል። በግራፊን የኤሌክትሮኖችን ብዛት በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ መጨመርና መቀነስ ስለሚቻል፥ አምሳያዎቹን ለመፈተን የተመቸ ነው።

ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ምክንያቱ የታወቀ እንደ ሆነ፥ ያን ያህል ብርድ የማያስፈልገውን ልዕለ አስተላላፊ በዕድል ሳይሆን በዕውቀት መፈለግ ይቻላል።